የአንዲት ፓይሳ ዜና መዋዕል

የነገሥታቱን ዜና የሚጽፍ ጸሐፊ በየዘመኑ አልታጣም፤ እኔ ግን የምተርከው በቤንጋል ምድር፣ በሁግሊ ወንዝ ዳር ስለ ተቀመጠችው ስለ ካልካታ ከተማ፣ ይልቁንም በጎዳናዋ ላይ ደወሉን እያቃጨለ መቶ ሃምሳ ዓመት ስለ ተመላለሰው ስለ ትራም፣ በትራሙም ስለ ተሳፈረው ሕዝብ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው በአውሮፓውያን ልማድ ነውና አንባቢ በዚሁ ይከተለኝ።

ካልካታን የቆረቆራት ጆብ ቻርኖክ የሚባል የእንግሊዝ ነጋዴ ነው፣ ዘመኑም 1690 ነው እየተባለ ለልጆች ሲነገር ከኖረ በኋላ፣ በ2003 የከተማይቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነገሩን መርምሮ ቻርኖክ ቆርቋሪዋ እንዳልሆነ ፈረደ። ልደቷ በዳኛ ብይን የተፋቀባት ሌላ ከተማ መኖሯን አልሰማሁም። ማንም ይቆርቁራት እንጂ፣ እንግሊዞች ሕንድን በገዙበት ዘመን መናገሻቸው እርሷ ስለ ነበረች፣ የእንደራሴው ቤተ መንግሥት፣ በ1857 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ፣ የጆንያ ቃጫ ፋብሪካውና ባንኩ ሁሉ በአንድነት የተሰበሰቡባት ታላቅ ከተማ ሆነች።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1873 ከሲያልዳ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ በሁግሊ ዳር እስካለው እስከ አርመኖች ወደብ ድረስ፣ አራት ኪሎ ሜትር ያህል በምትሆን ሐዲድ ላይ፣ ፈረሶች የሚጎትቱት ሠረገላ ተንቀሳቀሰ። ነገር ግን የሚሳፈርበት ሰው በመጥፋቱ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው፣ ኖቬምበር 20 ቀን ቆመ። የአርመኖችን ስም በዚህ ስፍራ ባገኘው ጊዜ ብዕሬ ጥቂት ዘገየ፤ ከእኛ ጋር በሃይማኖት አንድ የሆኑት እነዚህ ነጋዴዎች በ1724 በካልካታ ያነጹት የቅድስት ናዝሬት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ድረስ በገበያው ውካታ መካከል ቆሞ ይገኛልና ነው። ወደ ነገሬ ልመለስ። በ1880 በሎንዶን ተመዝግቦ የተቋቋመው የካልካታ ትራም ኩባንያ የተጣለውን ሥራ አንሥቶ፣ ምዕተ ዓመቱ ሊፈጸም ሲቃረብ 166 ሠረገላና 1000 ፈረስ ያዘ፤ የቤንጋል ሙቀት ለፈረስ የሚራራ አልነበረምና፣ ማርች 27 ቀን 1902 በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄደው ትራም ከኤስፕላኔድ ወደ ኪደርፖር ሲነሣ ያ ሁሉ እንስሳ ከልጓም የሚያርፍበት ጊዜ ደረሰ።

ትራሙ ሁለት ፉርጎ ነበረው፤ የፊተኛው አንደኛ ማዕረግ፣ የኋለኛው ሁለተኛ ማዕረግ። በፊተኛው ጣራ ላይ ማራገቢያ ሲሽከረከር፣ ከሥሩ ባለ ነጭ ልብሱ የቢሮ ጸሐፊ ጋዜጣውን ዘርግቶ ያነባል፤ በኋለኛው ማራገቢያ የለም፣ ጫኚው ከነቅርጫቱ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ ከነላቡ ተጨናንቆ ይቆማል። ነጂው ከፊት ቆሞ ደወሉን በእግሩ እየረገጠ ላሙንም፣ እግረኛውንም፣ ሰው የሚጎትተውንም ሪክሾ ከሐዲዱ ላይ ያስነሣል። ትኬት ቆራጩ ካኪ ለብሶ፣ የቆዳ ከረጢቱን ባንገቱ አንጠልጥሎ፣ የገንዘብ ወረቀቱን በቁመቱ አጥፎ በየጣቶቹ መካከል ሰክቶ በሕዝቡ መካከል ይሽሎከለካል፤ የሚቆርጠውም ትኬት ከጣት የማይረዝም ስስ ወረቀት ነውና ተሳፋሪው ነፋስ እንዳይወስድበት በእጅ ሰዓቱ ማሰሪያ ሥር ይወሽቀዋል። ሁለቱ ፉርጎዎች በአንድ ሐዲድ፣ በአንድ ፍጥነት ሄደው በአንድ ሰዓት ይደርሱ ነበር፤ የዋጋው ልዩነት የማራገቢያውና የጎረቤቱ ብቻ ነው።

በ1905 በእንደራሴው በሎርድ ከርዘን ትእዛዝ ቤንጋል ለሁለት ብትከፈል፣ ኦክቶበር 16 ቀን ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ጎዳና ወጥተው የወንድማማችነት ምልክት የሆነውን ክር በሰው ሁሉ እጅ ላይ ያስሩ ጀመር፤ ሕዝቡም የእንግሊዝን ጨርቅ አልለብስም ብሎ አደመ። ዲሴምበር 12 ቀን 1911 ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ በደልሂ ዙፋን ላይ ተቀምጠው ክፍፍሉን ሻሩ፤ ነገር ግን በዚያው ቀን የመንግሥቱ መናገሻ ከካልካታ ወደ ደልሂ እንዲዛወር ዐወጁ። በአንድ እጅ ሰጥተው በሌላው ነሡ። እንደ እኔ አስተያየት፣ የካልካታ ሰው እስከ ዛሬ የማይድነው የትዝታ ሕመም የጀመረው በዚህ ቀን ነው።

በ1943 ፌብሩዋሪ በሁግሊ ላይ የተሠራው ታላቁ የሃውራ ድልድይ ሲከፈት፣ የጃፓን አውሮፕላን እንዳይደበድበው ተፈርቶ በዓል አልተደረገለትም፤ ከተሽከርካሪ ሁሉ ቀድሞ የተሻገረው አንድ ብቸኛ ትራም ነበር። በዚያው ዓመት የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ ሩዝ እንደ ሣር በሚበቅልበት በቤንጋል ረኃብ ሆነ። ጃፓን በርማን ስለ ያዘች ከዚያ የሚመጣው ሩዝ ተቋርጧል፤ በ1942 ኦክቶበር የተነሣው ዐውሎ ነፋስ የባሕሩን ዳርቻ አጥፍቷል፤ መንግሥትም ጠላት እንዳይጠቀምበት ብሎ የዳር አገሩን ጀልባና እህል ወስዷል፤ ነጋዴው ደግሞ ያለውን ሸሽጎ ዋጋ ይጠብቃል። በአገሩ ሁሉ ሦስት ሚሊዮን ያህል ነፍስ ጠፋ። ከየገጠሩ ወደ ካልካታ የፈለሱት ረኃብተኞች በባለጠጋው ደጃፍ ሲቆሙ የሚጮኹት ሩዝ ስጡን ብለው አልነበረም፤ ሩዝ እንደማይሰጧቸው ዐውቀው «ፌን» ይሉ ነበር፤ ፌን ማለት ሩዝ ተቀቅሎበት ወደ ቦይ የሚደፋው ውኃ ነው። የሰሙት ሰዎች በስተርጅና ሲናገሩ ከጦርነቱ ሁሉ ይልቅ በጆሮአቸው የቀረው ያ ድምፅ ነው።

ጁላይ 29 ቀን 1946 ካልካታ በአንድ ልብ ሥራ አቆመች፤ የፖስታ ቤት ሠራተኞችን አድማ ለመደገፍ ሂንዱው ከሙስሊሙ ጋር ተያይዞ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ቀን ብቻ ቆጥረህ ኦገስት 16 ቀን ላይ ስትደርስ፣ ያው ሕዝብ እርስ በርሱ ሲተራረድ፣ ብዙ ሺህ ሬሳም በየጎዳናው ሲወድቅ ታገኘዋለህ። ይህን ለመፍታት የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ እኔ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጬ አልፋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ማኅተመ ጋንዲ ለበዓሉ ወደ ደልሂ አልሄዱም፤ በካልካታ ቤሊያጋታ በሚባል ሰፈር ተቀምጠው፣ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ግድያው ሲያገረሽ እህል አልቀምስም ብለው በጾም አበረዱት። ቤንጋል ግን ዳግመኛ ለሁለት ተከፈለችና ከምሥራቅ የተሰደደው ሕዝብ በሲያልዳ ጣቢያ፣ የመጀመሪያው ትራም በተነሣበት በዚያው ስፍራ፣ ምንጣፍ አንጥፎ ሰፈረ።

አሁን ወደ ፓይሳይቱ ደረስኩ። በ1953 ኩባንያው ገና የእንግሊዞች ነበር። ከጁላይ 1 ቀን ጀምሮ በሁለተኛው ማዕረግ ዋጋ ላይ አንድ ፓይሳ ጨመረ፤ ያን ጊዜ አንድ ሩፒ 64 ፓይሳ ነበርና ጭማሪው የሩፒ 64ኛ እጅ መሆኑ ነው። ፈቃዱን የሰጡት የምዕራብ ቤንጋል ዋና ሚኒስትር ዶክተር ቢዳን ቻንድራ ሮይ ዝናቸው በሕክምና የገነነ ሰው ነበሩ፤ የሚያስገርመው ነገር ጁላይ 1 የልደታቸው ቀን መሆኑ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ያረፉት በዚሁ ቀን መሆኑ ነው። ሹማምንቱ አንዲት ፓይሳ ማንን ትጎዳለች ብለው ሳይገምቱ አልቀሩም። ከማራገቢያው ሥር ለተቀመጠው ሰው እውነት ነው፤ በስደተኛ ሰፈር ለሚያድረው፣ ጠዋት ሄዶ ማታ ለሚመለሰው፣ ልጆቹም ለሚሳፈሩበት ሰው ግን የወሩ ሂሳብ ሌላ ነው። በዚህም ላይ ፓይሳይቱ ከሩዝና ከጨርቅ ዋጋ ይልቅ የምታስቆጣበት ምክንያት ነበራት፤ ባሕር ተሻግራ ለሎንዶን ባለ አክሲዮን የምትሄድ ፓይሳ ነበረች።

መጀመሪያ ሕዝቡ የዱሮውን ዋጋ ቈጥሮ ይሰጥ ጀመር። ቀጥሎ በትራም አንሳፈርም ተባለና ሠረገላው ባዶውን ደወሉን እየደወለ ይመላለስ ጀመር፤ ቀጥሎ ሱቁ ተዘጋ፣ ሐዲዱ ላይ ድንጋይ ተከመረ፣ ትራም ተቃጠለ፤ ፖሊስም በሚያስለቅስ ጢስ ጀምሮ በጥይት ጨረሰ። ጁላይ 22 ቀን በማይዳን ሜዳ ለመዘገብ የወጡትን ጋዜጠኞች ፖሊሶች በዱላ ስለ ደበደቧቸው፣ እስከዚያ ድረስ ዳር ይዘው የነበሩት ጋዜጦችም በመንግሥት ላይ ተነሡ። ከታሰሩት ሰዎች መካከል በሎንዶን ሕግ ተምረው የመጡት፣ በባቡር ሠራተኞች ድምፅ ወደ ምክር ቤት የገቡት ኮሙኒስቱ ጆቲ ባሱ ይገኙ ነበር። ወሩ ሳያልቅ መንግሥት እጁን ሰጠና ጭማሪው ታገደ። አንባቢ ሆይ፣ የጆቲ ባሱን ስም ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁና።

በሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር 14 ቀን ባለቅኔው ጂባናናንዳ ዳስ መንገድ ሲሻገሩ ትራም ገጫቸው፤ በስምንተኛውም ቀን በሆስፒታል ዐረፉ። ትራም ሰውን ገጭቶ የሚገድል ፈጣን ነገር ስላልሆነ ከተማው አሟሟታቸውን እስከ ዛሬ ሲያወራው ይኖራል።

ስለ ወሬ ከተነሣ፣ ቤንጋሎች «አድዳ» የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ጉዳይ የሌለው፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው፣ ከዓሣ ዋጋ ተነሥቶ ማርክስ ላይ የሚደርስ ጨዋታ ነው። የእኛ አገር ሰው ሦስተኛው ስኒ እስኪመጣ የሚጫወተውን ያስብ። የዚህ ጨዋታ ደብር በኮሌጅ ጎዳና ያለው የቡና ቤት ነው፤ አልበርት አዳራሽ በሚባለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ በ1942 ተከፍቶ፣ አሳላፊዎቹ ነጭ ለብሰው፣ ራሳቸውን በነጭ ጥምጥም አስረው፣ ከታጎር ሥዕል ሥር ይመላለሳሉ። ሻይ በሚጠጣበት አገር የቤንጋል ምሁር ለክርክሩ ቡናን መምረጡ፣ ዘሩ ከእኛ ምድር ወጥቶ የመንን ዞሮ ሕንድ ለገባው ተክል ትንሽ ክብር አይደለም። በዚያ ቡና ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ የሲኒማው ሊቅ ሳትያጂት ራይ ተቀምጠዋል፤ በ1963 «ታላቂቱ ከተማ» የተባለውን ፊልማቸውን ሲሠሩም የመጀመሪያው ሥዕል በሽቦው ላይ ብልጭ እያለ የሚሄደው የትራም ዘንግ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የመከራ ዘመን ስለሆነ ፈጥኜ ልለፈው። በ1967 በናክሳልባሪ መንደር ገበሬ ተነሣ፤ እሳቱ ወደ ኮሌጅ ጎዳና ደርሶ ተማሪዎቹ ቦምብ ይወረውሩ፣ ፖሊስም ተማሪዎቹን ይገድል ጀመር። በ1975 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጁ፤ የፕሬሱም አፍ ተለጎመ። ዐዋጁ ተነሥቶ ምርጫ ሲደረግ፣ ጁን 21 ቀን 1977 በ1953 ስለ ፓይሳይቱ የታሰሩት ጆቲ ባሱ የምዕራብ ቤንጋል ዋና ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ 2000 ድረስም ሃያ ሦስት ዓመት ገዙ። ለገበሬው መሬት በማከፋፈል ያደረጉት ሊካድ አይችልም። ከተማይቱ ግን በጨለማ ትኖር ነበር፤ መብራት በየማታው ስለሚጠፋ ልጆች በኩራዝ ያጠኑ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራጂቭ ጋንዲም በ1985 ካልካታን የምትሞት ከተማ ብለው ሲጠሯት ነዋሪው እንደ ስድብ ተቀበለው፤ ከአንድ ዓመት በፊት በሕንድ የመጀመሪያውን የምድር ውስጥ ባቡር የከፈተችው እርሷ ነበረችና።

በ1953 ትራሙን ለድኻው የጠበቁት ሰው በሥልጣን ላይ ሳሉ የትራሙ ዕድል ምን ሆነ? ኩባንያው የመንግሥት ንብረት ሆኖ ነበር፤ ወደ ጆካ አዲስ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር፤ ሆኖም መስመሩ አንድ በአንድ እየተዘጋ ሄደ፣ ሠረገላው ዛገ፤ የመጓጓዣ ዋጋ ሲጨመርም ሌሎች በተራቸው በእርሳቸው ላይ ሰልፍ ወጡ። በ1993 የሃውራ ድልድይ ሸክም በዛበት ተብሎ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት ከሁሉ አስቀድሞ የተሻገረው ትራም እንዳይሻገርበት ተከለከለ።

በ2001 የከተማይቱ ስም ከካልካታ ወደ ኮልካታ ተለወጠ፤ በ2011 በጆቲ ባሱ የተጀመረው የግራው መንግሥት ከ34 ዓመት በኋላ ወድቆ ማማታ ባነርጂ በዋና ሚኒስትርነት ሥልጣን ያዙ። ፌብሩዋሪ 2023 የትራሙ መቶ ሃምሳኛ ዓመት በአበባና በዘፈን ተከበረ። ዛሬ በየቤቱ ስለ ትራም የሚተርክ ሰው አይታጣም፤ የዝናቡን ወራት፣ መንገዱ በጎርፍ ሲሞላ ትራሙ እንደ መርከብ ሲቀዝፍ፣ መጀመሪያ የወደዳትን ልጅ ያየባትን ወንበር ያነሣል። እኔ ግን ባደመጥኩት ትዝታ ሁሉ ተራኪው የተቀመጠው ከፊተኛው ፉርጎ፣ ከማራገቢያው ሥር ነው። ስለ ፓይሳይቱ የተቆጣው የኋለኛው ፉርጎ ሰው ወደ አውቶቡስ ከተሻገረ ሰንብቷል፤ ትዝታውንም የጠየቀው የለም።

በሴፕቴምበር 2024 የምዕራብ ቤንጋል የትራንስፖርት ሚኒስትር፣ የከተማይቱ መንገድ ከስፋቷ 6 በመቶ ብቻ በመሆኑና ትራሙ መንገድ በማጨናነቁ፣ ከኤስፕላኔድ እስከ ማይዳን ካለው መስመር በቀር ሌላው እንደሚዘጋ አስታወቁ። ወዳጆቹ አቤቱታ ይዘው ተሰለፉ። እንዲቀር የተፈቀደው መስመር በሣር ሜዳ ዳር የሚያልፍ የመዝናኛ መስመር ነው፤ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው አይሳፈርበትም።