አረንጓዴ ሃይድሮጂን እና የኦማን ብረት፦ ከዱቅም ነፋስ እስከ ምድጃው

በዓረብ ባሕር ዳርቻ የምትገኘው የኦማን ወደብ ከተማ ዱቅም ከዋና ከተማዋ ከመስቀት በስተደቡብ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቀን ፀሐይ አይጎድላትም። በኢትዮጵያ ክረምት በሚባሉት ወራት ደግሞ ከባሕሩ የሚነሣው የኸሪፍ ነፋስ በተለይ ከምሽት ጀምሮ ይበረታል። ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በነፋስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የሚቻልባቸው ሥፍራዎች በዓለም ላይ ብዙ አይደሉም። ኦማን ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ ቀጥሎ ለሚመጣው ዘመን ይህን አካባቢና የዶፋርን በረሃ የመረጠችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሃይድሮጂን በተፈጥሮ በብዛት ያለ ቢሆንም ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ እንጂ ለብቻው እምብዛም አይገኝም። ዛሬ በፋብሪካዎች ጥቅም ላይ የሚውለው አብዛኛው ሃይድሮጂን ከተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣ ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ግራም ለማምረት 10 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። “አረንጓዴ” የሚባለው ግን ከፀሐይ ወይም ከነፋስ በተገኘ ኤሌክትሪክ ውኃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን በመለየት የሚገኘው ነው። ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ ኤሌክትሮላይዘር ይባላል። ቀለሙ የአመራረቱ መጠሪያ እንጂ የጋዙ መልክ አይደለም፤ ጋዙ ራሱ ቀለምም ሽታም የለውም።

አረንጓዴው ሃይድሮጂን በተለይ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ሊተካው በማይችለው ሥራ ላይ ነው። ቤት ለማብራትም ሆነ አነስተኛ መኪና ለመንዳት ኤሌክትሪኩን በቀጥታ መጠቀም ይረክሳል። ብረት፣ ማዳበሪያና የነዳጅ ማጣሪያ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው።

የብረት ማዕድን ብረትና ኦክሲጅን የተጣመሩበት ድንጋይ ነው። ብረት መሥራት ማለትም በመሠረቱ ኦክሲጅኑን ማላቀቅ ነው። በተለመደው ከፍተኛ ምድጃ ይህን የሚያደርገው ከድንጋይ ከሰል የሚገኘው ካርቦን ነው፤ ኦክሲጅኑን ይዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። በዚህ መንገድ አንድ ቶን ብረት ለማምረት ከ2 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። በካርቦኑ ፈንታ ሃይድሮጂን ቢገባ ከምድጃው የሚወጣው የውኃ እንፋሎት ይሆናል። ስዊድን በሉሌኦ ከተማ ከ2020 ጀምሮ ይህንኑ በሙከራ ፋብሪካ ስትሠራበት ቆይታለች። በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶችም ማስዳር እና ኤሚሬትስ ስቲል በአቡ ዳቢ በአረንጓዴ ሃይድሮጂን ብረት የማምረት የሙከራ ፕሮጀክት በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ ማዋላቸውን አስታውቀዋል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለዚህ ለውጥ የሚያመች አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም እርሱ ነው። የሶሃርም ሆነ የአቡ ዳቢ የብረት ፋብሪካዎች በድንጋይ ከሰል ሳይሆን በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ናቸው። ወደ ምድጃው የሚገባው የተዘጋጀ ጋዝ ቀድሞውንም ከግማሽ በላይ ሃይድሮጂን ነው። ስለዚህ ፋብሪካውን አፍርሶ አዲስ መሥራት ሳያስፈልግ ድርሻውን ደረጃ በደረጃ ማሳደግ ይቻላል። ለውጡ ግን ቫልቭ የመክፈት ያህል ቀላል አይደለም። ሃይድሮጂን ከማዕድኑ ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ስለሚስብ አስቀድሞ ይበልጥ መሞቅ አለበት።

መጠኑን ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይጠቅማል። በሃይድሮጂን ብቻ አንድ ቶን ብረት ለማምረት 55 ኪሎ ግራም ያህል ሃይድሮጂን ያስፈልጋል። አንዱ ኪሎ ግራም ደግሞ ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ብረት የሚያመርት ፋብሪካ ለሃይድሮጂኑ ብቻ ወደ 3 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው። ኦማን በዶፋር በ2019 ሥራ ያስጀመረችው የነፋስ ኃይል ጣቢያ 50 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ነው፤ እንዲህ ያለውን ፋብሪካ ለመመገብ የዚህ ዓይነት ጣቢያ በብዙ እጥፍ መገንባት ይኖርበታል።

በበረሃ አገር ውኃው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ለአንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን በኬሚስትሪው ስሌት 9 ሊትር ንጹሕ ውኃ ያስፈልጋል፤ ማቀዝቀዣው ሲታከል ከዚህ ይበልጣል። ሆኖም አንድ ሺህ ሊትር የባሕር ውኃ ከጨው ለመለየት የሚወስደው 3 ወይም 4 ኪሎ ዋት ሰዓት በመሆኑ፣ ከአጠቃላዩ ፍጆታ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጥንቃቄ የሚሻው ተመልሶ ወደ ባሕር የሚፈሰው ጨዋማ ዝቃጭ ነው፤ ከዓሣ የሚተዳደሩ የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎችን የሚነካውም እርሱ ነው።

ኦማን በ2022 ዘርፉን የሚመራ “ሃይድሮም” የተሰኘ የመንግሥት ኩባንያ አቋቁማለች። ኩባንያው ለአልሚዎች መሬት በጨረታ ይሰጣል። ዕቅዱም በ2030 በዓመት ቢያንስ 1 ሚሊዮን ቶን አረንጓዴ ሃይድሮጂን ማምረት፣ በ2050 ደግሞ እስከ 8.5 ሚሊዮን ቶን ማድረስ ነው።

ከዕቅዱ ጎን የቆመው ጥያቄ ገዢው ማን ነው የሚል ነው። አረንጓዴው ሃይድሮጂን ዛሬም ከጋዝ ከሚወጣው በእጅጉ ይወደዳል። ማጓጓዙም ከባድ ነው፤ ወደ ፈሳሽነት ለመለወጥ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀዝቀዝ አለበት። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ አልሚዎች ወደ አሞኒያ ለውጠው ሊልኩት ያስባሉ፤ አሞኒያ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ ይሆናልና። አሞኒያ የማዳበሪያ መሠረት በመሆኑ ነገሩ ማዳበሪያዋን በጅቡቲ በኩል ከውጭ ለምታስገባው ኢትዮጵያም የራቀ አይደለም። ይሁንና ዩሪያ ለመሥራት ካርቦን ዳይኦክሳይድም ስለሚያስፈልግ አረንጓዴው አሞኒያ ብቻውን ዩሪያ አይሆንም።

ሃይድሮጂኑን በመርከብ ከመላክ ይልቅ እዚያው ዱቅም ላይ ብረት ሠርቶበት ብረቱን መላክ የተሻለ ስሜት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ብረት አይተንም፤ ማቀዝቀዣም አይሻም። ሶሃር ላይ ማዕድኑን ለምድጃ የሚያዘጋጅ ትልቅ ፋብሪካ አስቀድሞ አለ። በዱቅምም በጋዝ ጀምሮ ወደ ሃይድሮጂን ሊሸጋገር የታቀደ የብረት ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል። የአውሮፓ ኅብረት ወደ ገበያው በሚገቡ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ላይ እንደ ካርቦን ልቀታቸው የሚያስከፍልበት ሥርዓት ከጥር 2026 ጀምሮ ሙሉ ትግበራ ውስጥ መግባቱም ለንጹሑ ብረት ዋጋ ይሰጠዋል።

በእነዚህ ሥፍራዎች ለሚቀጠሩ ሠራተኞች ደግሞ ጋዙ የራሱ ባሕርይ አለው። ግንባታው ብየዳ፣ የቧንቧ ዝርጋታና የኤሌክትሪክ ሙያ ያላቸውን ብዙ ሰዎች ይፈልጋል፤ ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሱት ጥቂቶች ናቸው። ሃይድሮጂን በጣም ቀጭን በሆነ ክፍተት ያመልጣል፤ አንዳንድ የብረት ዓይነቶችን ውስጥ ለውስጥ ሰባራ ያደርጋል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ስለሆነም በጋዝ ቧንቧ ላይ የቆየ ልምድ ያለው ባለሙያም ቢሆን ወደዚህ ሥራ ከመግባቱ በፊት የተለየ ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ የሥራ ቦታው የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያና የነበልባል መለያ ካሜራ ሊኖረው ይገባል።