ለጨዋታዎ የሚስማማውን የፑል ዘንግ እንዴት ይመርጣሉ?

ፑል ቤት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ከትምህርት ቤት የፎረፈ ተማሪና የሲጋራ ጭስ ነው። የገዛ ስቲኩን በቦርሳ አንግቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ፑል ቤት የሚሄድ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ጉዳዩን ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ማስረዳት ይከብደዋል። እኔ ከነዚህ ጎልማሶች አንዱ ነኝ። የምጫወተው በአምቦ መንገድ ላይ፣ ከገፈርሳ ግድብ ብዙም በማትርቅ ባለ ሁለት ጠረጴዛ ቤት ውስጥ ነው። አካባቢው በቡራዩ ሥር ሳለ የጀመርኩት ልማድ፣ ቡራዩ በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ ከተጠቃለለች በኋላም አልቀረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአሜሪካ የመጣ የአክስቴ ልጅ “ከዚህ በኋላ አትስትም” ብሎ አንድ ዘንግ አመጣልኝ። ዘንግ የምለው በብሎን ከሚጋጠመው ባለ ሁለት ቁራጭ ስቲክ ውስጥ ኳሷን የሚነካውን ቀጭኑን የፊት ክፍል ነው፤ ርዝመቱ 74 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። በመጀመሪያ ብሎኑ አልገጥም ብሎ ቶርኖ ቤት ለቶርኖ ቤት አንከራተተኝ። ከዚያ በሐምሌ ዝናብ ይዤው ሄድኩና ሕፃን የማይስታቸውን ኳሶች ሳትኩ። ጠረጴዛውን የሚጠብቀው ልጅ አይቶኝ አይቶኝ “ጋሼ፣ የቤቱን ስቲክ ላምጣልዎት?” አለኝ።

ጥፋቱ የዘንጉ አልነበረም። ለጠረጴዛውና ለኔ አመታት የማይሆን ዘንግ ይዤ ነው የገባሁት።

ነጯን ኳስ ከመሃሏ ሳይሆን ከቀኝ ጎኗ ሲመቷት ስቲኩ ባመለከተው መስመር አትሄድም። በጥቂቱ ወደ ግራ ትሸሻለች። ኳሷ ስትሽከረከር የዘንጉን ጫፍ ወደ ጎን ትገፋዋለች፤ ጫፉ በከበደ መጠን እሷም በአጸፋው ይበልጥ ትሸሻለች። ልምድ ያለው ተጫዋች ይህንን ሳያውቀው በዓይኑ አስተካክሎ ያነጣጥራል። ፕሬዳተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጫፉን ክብደት ቀንሶ ሽሽቱን የሚያሳንስ የእንጨት ዘንግ ለገበያ አቀረበ፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሬቮ የተባለውን የካርበን ፋይበር ዘንግ አስከተለ። ዛሬ ሌሎች ኩባንያዎችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ። ሽሽቱ ግን ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ሻጮች ቶሎ የማያነሱት ሌላ ነገር አለ። ስቲክ ከኋላው ሁልጊዜ በመጠኑ ከፍ ስለሚል፣ ከጎኗ የተመታች ነጭ ኳስ መጀመሪያ ከሸሸች በኋላ ወደተመታችበት ጎን ትታጠፋለች። ጨርቁ አሮጌና ሻካራ ከሆነ ወይም እርጥበት ከያዘ፣ አመታቱም ለስለስ ካለ፣ እጥፋቱ ቶሎ ይመጣል። በተራው ዘንግ ሽሽቱና እጥፋቱ በከፊል ይጣፋሉ። ሽሽቱን በሚያሳንሰው ዘንግ ግን በዝግታ ሲመቱ እጥፋቱ ጎልቶ ይወጣል። ገፈርሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ብርዳም አገር ነው። በክረምት የጠረጴዛው ጨርቅ እንደ ጋቢ ይከብዳል። እኔ ደግሞ ለስላሳ መቺ ነኝ። ያን ቀን የሳትኩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ከመግዛትዎ በፊት አመታትዎን ይመርምሩ። ነጯን አዘውትረው ከመሃሏ፣ ከላይዋ ወይም ከታችዋ የሚመቱ ከሆነ ለሽሽት ብለው ገንዘብ አያውጡ፤ ቀጥ ያለ የሜፕል ዘንግና ጥሩ የጫፍ ቆዳ ይበቃዎታል። ጠንከር አድርገው ከጎን የሚመቱና ንጹሕ፣ ፈጣን ጨርቅ ላይ የሚጫወቱ ከሆነ ግን አዲሶቹ ዘንጎች ለዋጋቸው ይመጥናሉ፤ ሆኖም ዓይንዎ እንደገና እስኪለምድ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

አንድ ሙከራ ልንገርዎት። ነጯንና ሌላ ኳስ በአንድ ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ያስቀምጡና መሃል ለመሃል ያነጣጥሩ። ጠረጴዛው ላይ ያረፈውን እጅዎን ሳያነቃንቁ፣ የኋላ እጅዎን ብቻ ወደ ግራ ወስደው ጫፉ የነጯን ቀኝ ጎን እንዲያይ ያድርጉ፤ ከዚያም ጠንከር አድርገው ይምቱ። ነጯ ዒላማዋን መሃል ለመሃል ካገኘች፣ ከፊት እጅዎ እስከ ነጯ ያለው ርቀት ከዘንጉ ጋር ተስማምቷል። ወደ ቀኝ ከሄደች ርቀቱ ለዘንጉ አጥሯል፤ ወደ ግራ ከሄደች ረዝሟል። ለተራው ሜፕል የሚስማማው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሽሽት ለሚያሳንሱት ከ30 በላይ ይሆናል። በአጭር ርቀት የለመደ እጅ ካለዎት በግድ አያስረዝሙት፤ ዘንጉን ለእጅዎ ይምረጡ።

ስለ ውፍረት ብዙ ይከራከሩበታል። የተለመደው የፑል ዘንግ ጫፉ ላይ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጫጭኖቹ ወደ 12 ይጠጋሉ። ጣታቸውን ቀለበት ሠርተው ስቲኩን በውስጡ ለሚያሳልፉ፣ ከጫፉ ጀምሮ ረዘም ላለ ርቀት ውፍረቱ የማይለወጥ ዘንግ ይመቻል። ከጫፉ ወዲያው እየወፈረ የሚሄደው ጣት ውስጥ ይታወቃል። የስኑከር ስቲክ በርካሽ ቢያገኙ ግን አይቸኩሉ። ጫፉ 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ለ52.5 ሚሊ ሜትር ኳስ ታስቦ ነው፤ የተለመደው የአሜሪካ ፑል ኳስ 57 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይከብዳልም።

ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ የመያዣዎን ብሎን ፎቶ አንስተው፣ ውፍረቱንና የጥርሱን ስፋት አስለክተው አስቀድመው ይላኩ። የብሎን ዓይነት ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል።

ያገለገለ ሲገዙ ዘንጉን ከመያዣው ፈትተው ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ያንከባልሉት። በዘንጉና በጨርቁ መካከል የሚታየው ብርሃን እየሰፋ እየጠበበ ከመጣ ተጣሟል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሲጋጠም ብቻ ከተወላገደ ችግሩ መጋጠሚያው ነው። እንጨት እርጥበት ሲስብና ሲደርቅ ይጣመማል፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ አስደግፎ መተው ወይም በበጋ ፀሐይ መኪና ውስጥ ማሳደር ያበላሸዋል። ካርበን ፋይበር በእርጥበት አይጣመምም፤ ውድነቱን ከሚያካክሱት ነገሮች ትልቁ፣ በኔ አስተያየት፣ ይኸው ነው።

የጫፉን ቆዳ ችላ አይበሉ። ጠጥሮ የተወለወለ ቆዳ ቾክ አይዝም፤ ቾክ ያልያዘ ጫፍ ደግሞ ከጎን ሲመቱ ያንሸራትታል። ብዙ ሰው ዘንጉን የሚረግመው ቆዳው ስላለቀ ነው። ተራውን ቆዳ ማስቀየር ከአዲስ ዘንግ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የአክስቴ ልጅ ያመጣው ዘንግ አሁንም አለኝ። ቦሌ አካባቢ አዲስ ጨርቅ ያላቸው ጠረጴዛዎች ላይ ስጫወት አወጣዋለሁ። ገፈርሳ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም በተራው ሜፕል ነው የምጫወተው፤ ልጁም የቤቱን ስቲክ ላምጣልዎት ማለቱን ትቷል።