የጄኔራል ባራቲየሪ መነጽር



የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስለ ተደረገው የዐድዋ ጦርነት ሲነገር መድፉና ጐራዴው ይነሣል። የኢጣልያን ጦር ይመራ የነበረው ጄኔራል ኦሬስቴ ባራቲየሪ ግን ዐይኑ ሩቁን አጥርቶ የማያይ ሰው እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። መነጽሩም እንደ ዛሬው በጆሮ የሚያዝ ሳይሆን አፍንጫ ቈንጥጦ የሚቆም ስለ ነበረ፣ በሽሽቱ ትርምስ ውስጥ እንደ ጠፋበት ይተረካል። በርግጥ ሽንፈቱ ከመነጽር የመጣ አይደለም፤ ጦሩን የሰበረው የኢትዮጵያ ሠራዊት ነው።

ታዲያ መነጽሩ የጠፋበት ሰው ባይኖኩላር ቢያነሣ ሩቁን ሊያይ ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። ሩቅ ማየት በሚሳነው ዐይን ውስጥ የሩቁ ነገር ምስል ከዐይን ጀርባ ካለው መጋረጃ ሳይደርስ ፊት ለፊቱ ይሠራል። የባይኖኩላሩ መዘውር ሲዞር በዐይን በኩል ያለው ሌንስ ወደ ፊተኛው ጥቂት ይጠጋል፤ ብርሃኑም እየተዘረጋ ይወጣና ምስሉ ከመጋረጃው ላይ ያርፋል። መነጽር የሚሠራውን ሥራ መዘውሩ ሠራው ማለት ነው። ሁለቱ ዐይኖች የማይተካከሉ እንደ ሆነም፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ያለው ቀለበት ለብቻው ይዞራል።

የዚህ መሣሪያ መስተዋቶች አቀማመጥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ዓ.ም. የታሰበው ኢኛሲዮ ፖሮ በተባለ ኢጣልያዊ ነው። የጀርመኑ የሳይስ ፋብሪካ ባይኖኩላሩን አሻሽሎ ለገበያ ያቀረበው በ1894 ዓ.ም.፣ ከዐድዋ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር።

ነገር ግን መዘውሩ ሁሉን አያቀናም። የዐይኑ ፊት እኩል ያልከበበና አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው፣ ዛሬ ከሀይሌ ጋርመንት ሰገነት ላይ ሆኖ የፉሪን ተራራ ለማየት ቢፈልግ፣ መነጽሩን ሳያወልቅ የባይኖኩላሩን የጐማ ከንፈር አጥፎ መመልከት አለበት። አለዚያ የተራራው ጫፍ እንደ ተዳመነ ይቀራል።

ደግሞም ባይኖኩላር የሚያሳየው ጠባብ ስፍራ ነው፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ተረጋግቶ ለቆመ አዛዥ ይጠቅማል፤ ገደላገደሉን በፈረስ ለሚሸሽ ግን በአፍንጫው ላይ የነበረችውን ትንሽ መስተዋት አይተካለትም።