የባሩድ ጥቀርሻና የጠመንጃ ዕድሜ
ከላንጋኖ ዙሪያ ታሪክ ጋር ተዛምዶ የቀረበ

እንደሚታወቀው ጠመንጃ በአገራችን የጦር መሣሪያ ብቻ አልነበረም። የማዕርግ ምልክት፣ የውርስ ዕቃ፣ በጀግና ለቅሶም ላይ ድምፁ የሚሰማ ነገር ሆኖ ኖሯል። እኛም የዕድር ሰዎች በመሆናችን ሟች ሲሸኝ ከጓዳ የሚወጣውን አሮጌ መሣሪያ ብዙ ጊዜ አይተናል። ስለዚህ መሣሪያው በምን መንገድ ወደ እኛ እንደ ደረሰና ለምን እንደሚበላሽ በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እናወሳለን።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ግን አብዛኛው ባሩድና አረር ከአፈሙዙ እየተጠቀጠቀ የሚተኮሰውን አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ሕይወታቸውን ያሳለፉት ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላኩላቸው ሽጉጥ እንደ ነበር ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ከኋላ የሚጎርሱት ሬሚንግተንና ውጅግራ በብዛት ገቡ። ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው።

የዚህን መሣሪያ ኃይል የእኛ አካባቢ በመራራ ሁኔታ አይቶታል። ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ የአርሲ ኦሮሞ የምኒልክን ጦር ለአምስት ዓመት ያህል በጦርና በጋሻ፣ በፈረስም ተቋቁሟል። በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ አዙሌ ላይ ግን በራስ ዳርጌ የሚመራው ባለ ጠመንጃ ጦር ድል አደረገ። ያለቀውም ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። ጀግንነት አልጠፋም፤ የጎደለው ጠመንጃ ነበር።

አሁን ወደ ጥቀርሻው እንምጣ። የዚያን ዘመን ጥቁር ባሩድ ከመቶ 75 እጁ ፖታስየም ናይትሬት የተባለ ጨው፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ ነው። ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ ጢስና ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ዝቃጩ በበርሜሉ ጥምዝ ውስጥ ይጋገራል፣ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ብረቱንም ይበላዋል። ይኼን ጨው ዘይት ብቻውን አያሟሟውም። መድኃኒቱ ሙቅ ውሃ ነው፤ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ከዚያ በኋላ ዘይት ይቀባል።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ጢስ የሌለውን ባሩድ ሠራ። ብዙ ሰው «ከእንግዲህ ዝገት ቀረ» ሳይል አልቀረም። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። በጥይቱ ቂጥ ያለው እሳት አስነሺ ቅመም ፖታስየም ክሎሬት ስለነበረበት፣ ከተኮሱ በኋላ ከገበታ ጨው ጋር የሚመሳሰል ጨው በበርሜሉ ውስጥ ይቀር ነበር። ምንም ጢስ ባይታይ ዝገቱ በስውር ይቀጥላል።

አዲሱ ባሩድ ሌላም ጣጣ አመጣ። ሙቀቱ ብርቱ በመሆኑ ጥይቱ ከጎሬው በሚነሣበት ቦታ ላይ ጥምዙን ይልጠዋል። የጣሊያን ጦር በ1928 ዓ.ም. ይዞት የመጣው ባለ 6.5 ሚሊሜትር ካርካኖ ጥምዙ መጀመሪያ ላይ ልል ሆኖ ወደ አፈሙዙ እየጠበቀ የሚሄደው ይህንኑ ድካም ለመቀነስ ተብሎ ነው። ያ ጦር በ1933 ዓ.ም. በሐይቆቻችን መካከል በዝናብና በጭቃ ተዋግቶ ተሸንፏል፤ ሻሸመኔም ግንቦት 6 ቀን ተለቀቀች። በኋላ የመጣው ክላሽ በርሜሉ ውስጡ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ ዝገትን ይበልጥ ይችላል፤ ቢሆንም ጨርሶ ከመወልወል ነጻ አይደለም።

በርሜል የሚያልቀው በተኩስ ብቻ አይደለም፤ በባለቤቱም እጅ ያልቃል። የመወልወያው ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል እየገባ ጠርዙን ሲፈገፍገው ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል። ቢቻል ከኋላ በኩል መወልወል ይሻላል። አካባቢያችን የእሳተ ገሞራ አገር ስለሆነ ትቢያው ሻካራ ነው፤ ከዘይት ጋር ሲለወስ እንደ ሞረድ ብረት ይበላል። ስለዚህ ጨርቁ ንጹሕ፣ ዘይቱም ጥቂት ይሁን።

ከሁሉ በላይ ግን ከመወልወል በፊት ጎሬውን በዓይንም በጣትም መፈተሽ ያስፈልጋል። «ባዶ ነው» የተባለ መሣሪያ ስንቱን ቤት አስለቅሷል። ለዘመናት ጓዳ የተቀመጠና ውስጡ በዝገት የተቦረቦረ ጠመንጃ ደግሞ ባለሞያ ሳያየው ሊተኮስበት አይገባም፤ በርሜሉ ቢፈነዳ ቀድሞ የሚጎዳው ተኳሹን ነው። መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ውድ አባሎቻችን፣ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል። ዕድራችን የቆመው አንዱን ሟች በክብር ለመሸኘት ነው፤ በዚያው ለቅሶ ላይ ሁለተኛ መቃብር እንዳንቆፍር እንጠንቀቅ።