ስለ ንባብና ስለ ትርጓሜ፤ ሃይማኖት ለኢትዮጵያ ሕዝብ ኑሮና ለጽሕፈቷ ያደረገው ነገር

ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በውሃው በር ፊት ባለው አደባባይ በተሰበሰበ ጊዜ፣ ጸሐፊው ዕዝራ ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ ቆሞ የሕጉን መጽሐፍ እንዳነበበ በመጽሐፈ ነህምያ በምዕራፍ 8 ተጽፎ እናገኛለን። ሌዋውያኑም ንባቡን ብቻ አሰምተው አልተመለሱም፤ ሕዝቡ ያስተውለው ዘንድ የተነበበውን እየገለጡ አስረዱት እንጂ። ሕዝቡ በምርኮ ሳለ የአራምን ቋንቋ ስለ ለመደ የአባቶቹ ዕብራይስጥ ለብዙው ሰው እንግዳ ሆኖበት ነበርና ነው ብለው የሚተረጕሙ ሊቃውንት አሉ። ዳግመኛም በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 8፣ የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ማስተዋሉን ጠየቀው፤ እርሱም የሚመራው ሰው ሳይኖር ማስተዋል እንደማይቻለው መለሰ። ሕንደኬ ማለት በኑብያ በመርዌ የነገሡት ንግሥታት የመዓርግ ስም እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ቢያስረዱም፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጃንደረባ ከመጀመሪያዎቹ ልጆቿ እንደ አንዱ ቈጥራ ስታስበው ኖራለች።

እንግዲህ ንባብ አንድ ነገር ነው፤ ማስተዋልም ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ትርጓሜ ይባላል። ሃይማኖት ለኢትዮጵያ ሕዝብ ኑሮና ለጽሕፈቷ ያደረገውን ነገር የሚመረምር ሰው፣ ይህ ድልድይ በተሠራበት ዘመን ትምህርት እንደ በረታ ያያል፤ በቸልታ በተተወበት ዘመን ግን በስፍራው በትር ወይም እንግዳ መምህር እንደ ገባ ያስተውላል። ይህንንም ከታሪክ እናስረዳለን። የዘመኑም ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የአክሱም ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን በተቀበሉ ጊዜ፣ አስቀድሞ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ይቀረጽበት የነበረው ገንዘባቸው መስቀል ተቀረጸበት። በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአትናቴዎስ እጅ የተሾመው ፍሬምናጦስም፣ እርሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው፣ የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነ። ፊደሉ ከክርስትና በፊት የነበረ ነው፤ ነገር ግን ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለው የድምፅ ምልክት የተቀጠለበት ጽሕፈት በድንጋይ ላይ መታየት የጀመረው በዚሁ በዒዛና ዘመን ነው። ከዚያም በኋላ ቅዱሳት መጻሕፍት ከጽርእ ቋንቋ ወደ ግእዝ ተተረጐሙ። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች በዘመናችን በተመረመሩ ጊዜ ብራናቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል።

በዚያን ዘመን ግእዝ የገበያና የቤት ቋንቋ ነበረ እንጂ የሊቃውንት ብቻ አልነበረም። ተርጓሚዎቹም መጻሕፍቱን ያመጡት ሕዝቡ ወደሚሰማው ቋንቋ ነበር። ከዚህም ሥራቸው ያላሰቡት ሌላ ትርፍ ተገኘ። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ በመጀመሪያ በተጻፉባቸው ቋንቋዎች ጠፍተው ሳለ፣ ሙሉው ንባብ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ቆየ። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት የሄኖክን መጽሐፍ ወደ አውሮፓ በወሰደ ጊዜ የዚያ አገር ሊቃውንት ተደነቁ። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይስጡ ሄኖክና የዕብራይስጡ ኩፋሌ ቍርጥራጮች በተገኙ ጊዜም፣ የተበጣጠሰውን ለመግጠም ሊቃውንቱ ወደ ግእዙ መመልከት ግድ ሆነባቸው። ለአክሱም ሰዎች ተብሎ የተተረጐመው መጽሐፍ ለዓለም ሁሉ ተረፈ ማለት ነው።

ከ10ኛው መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ግን ግእዝ ከሕዝቡ አፍ እየራቀ ሄደ። ሕዝቡ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአገውኛና በሌላም ቋንቋ ይናገራል፤ ካህኑ በግእዝ ይቀድሳል። የግእዝ ድርሰት በዚህ ጊዜ አልደረቀም፤ ይልቁንም በ14ኛው መቶ ዓመት በአባ ሰላማ መተርጕም ዘመን ብዙ መጻሕፍት ከዐረብኛ ተመለሱ። በንባቡና በሰሚው መካከል ያለው ርቀት ግን እየሰፋ ሄደ። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይህን አይተው ካህናት በየሰንበቱና በየበዓሉ ሕዝቡን እንዲያስተምሩ አዘዙ፤ ብዙ ድርሳንም በስማቸው ተጽፏል። ትእዛዛቸው መልካም ሳለ በትሩ ግን ከትምህርቱ ፈጠነ። በደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት ላይ የወረደው ግርፋትና ስደት፣ በገዛ ልጆቻቸውም ላይ የደረሰው ቅጣት፣ ሰው ሳያስተውል እንዲያምን ማስገደድ ምን ፍሬ እንደሚያፈራ ያሳያል። በትር ዝም ያሰኛል እንጂ አያስረዳም።

ከ1529 እስከ 1543 በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ብዙ አድባራትና ገዳማት ከነመጻሕፍታቸው በተቃጠሉ ጊዜ፣ የደብረ ሊባኖስ ዕጨጌ አባ ዕንባቆም አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ለኢማሙ ጻፉ። እርሳቸው ከየመን የመጡ፣ አስቀድሞ በእስልምና የኖሩ ሰው ስለ ነበሩ ቍርዓንን ያውቁት ነበርና ክርክራቸውን ከዚያው መጽሐፍ ጥቅስ እያመጡ አቀረቡ። በሰይፍ መካከል ተቀምጦ የባላጋራን መጽሐፍ አንብቦ በሚያከብረው ቃል መናገር ትልቅ የትርጓሜ ሥራ ነው፤ ሰሚው ባለበት ስፍራ ሄዶ መገናኘት ነውና።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና ከውጭ መምህራን ነበር። ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ቋንቋውን ተማረ፤ እርሱና ወንድሞቹም ትምህርታቸውን በአማርኛ አሰናዱ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ፤ በአዋጅና በጦር ሕዝቡን ለማስገባት በተነሡ ጊዜ ግን ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632ም የቀደመው ሃይማኖት ይመለስ ብለው አውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የአዋጁን ውድቀት ሁሉም ያወራዋል። ሊቃውንቱ ልብ ያሉት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም እንግዶቹ ለሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ሲናገሩ የአገሩ መምህር በግእዝ ብቻ ሊመልስላቸው አለመቻሉ ነው። ከዚያ ዘመን የተረፉት የአማርኛ የሃይማኖት ጽሑፎች የዚህ ክርክር ልጆች ናቸው።

ጎንደር በ1636 ከተቈረቈረች በኋላ የአንድምታ ትርጓሜ በዚያች ከተማ ጉባኤዎች እየሰፋና እየጠራ ሄደ። ሥርዓቱም እንዲህ ነው። ተማሪው ግእዙን ያነባል፤ መምህሩ ቃሉን በአማርኛ ይፈታዋል። ቀጥሎም አንድም እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍች ያመጣል፤ ታሪክ በሚያሻው ስፍራ ታሪክ ይነግራል፤ ምሥጢር በሚያሻው ስፍራ ሐተታ ያገባል፤ ከእርሻና ከግብር፣ ከቤተ መንግሥትና ከሙግት ምሳሌ ያመጣል። አንድም ማለቱ የፊተኛውን ፍች መሻሩ አይደለም፤ አንዱ ቃል ብዙ ፍች ሊሸከም እንደሚችል ማሳየቱ ነው እንጂ። ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብለው በአራት ጉባኤ የተከፈሉት መጻሕፍት በዚህ መንገድ ተተረጐሙ። በኋላም መምህር ኤስድሮስ ታች ቤት የሚባለውን ወገን እንደ መሠረቱ ይነገራል፤ የቀደመው ላይ ቤት ይባላል።

ይህ ሁሉ ለረጅም ዘመን የኖረው ይበልጡን በቃል ነው። ስለዚህ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ፣ ዳግመኛም ደርቡሾች በ1888 አብያተ ክርስቲያናቷን ባነደዱ ጊዜ፣ ብራናው ሲጠፋ በመምህራን ልብ ያለውን እሳት አላገኘውም። ነገር ግን በቃል የሚኖር ዕውቀት ሌላ ጠላት አለው፤ ተተኪ ሳያወጣ የሞተ መምህር ሁሉ አንድ ቤት መጻሕፍት ይዞ ይቀበራል።

ደግሞም ይህ ዕውቀት በማን እንጀራ እንደ ኖረ ማስታወስ ይገባል። ተማሪው ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል፤ ፊደል ያልቈጠረች ባልቴትም ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ቍራሽ ትሰጠዋለች። ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጽሐፍ ቤት ሲሄድ ዘመኑ ያልፋል። ነገሥታቱና መኳንንቱ ለአድባራት ጕልት ሰጥተዋል፤ የጕልቱ ግብር ግን የሚወጣው ከዚያው ከባላገሩ ጫንቃ ነበር። በ1975 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሁን ተብሎ በታወጀ ጊዜ ጕልቱ ቀረ፤ የጉባኤ ቤቶችም ኑሮ ይበልጡን በምእመናን ምጽዋት ላይ ወደቀ። እንግዲህ የሊቁ ዕውቀት ያልተማረው ሰው እንጀራ ያለበት ዕዳ ነው። ዕዳውም የሚከፈለው ለሰጪው በሚገባው ቋንቋ ሲነገር ነው።

ይህ ዕዳ በዘገየ ጊዜ ሌላ ሰው ቀድሞ ገባ። የጎጃም ተወላጅ አባ አብርሃም፣ በአውሮፓ መጻሕፍት አቡ ሩሚ የተባሉት፣ በካይሮ ከፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ከአስሊን ደ ሸርቪል ጋር ዐሥር ዓመት ያህል ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱ፤ ጽሕፈቱም 9,539 ገጽ ሆነ። የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1820 ገዝቶት አራቱን ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳንን በ1829፣ ሙሉውን በ1840 አሳተመው። የተረጐመው የኢትዮጵያ መነኩሴ ነው፤ ያሳተመው ግን ባሕር ማዶ ያለ ማኅበር ነው። በጎንደር የተደከመበት የአንድምታ ወንጌል ግን ከግእዙ ንባብ ጋር በአዲስ አበባ የታተመው በ1920ዎቹ ዓመታት ነው። በመካከሉ አንድ መቶ ዓመት ያህል አለ። በዚያው በ1920ዎቹ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የትንቢተ ሕዝቅኤልን ትርጓሜ በድሬዳዋ አሳተሙ። እርሳቸውም መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ ኖረው ሳይታተም ዐረፉ፤ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1950ዎቹ ለኅትመት አበቁት። አንዱን መጽሐፍ ሦስት ሰው ተቀባብሎ መፈጸሙ መምህር ተተኪ ሲያወጣ የሚሆነውን ያሳያል።

አማርኛ ለጽሕፈት የበቃው በአብዛኛው በዚህ ትምህርት ቤት ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፉት አለቃ ዘነብ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በእንጦጦ ራጉኤል ተምረው ነው ወደ ታሪክና ወደ ልብ ወለድ ድርሰት የተሻገሩት። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም ቅኔ የተማሩ ሰው ሲሆኑ፣ በ1966 ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር በተባለው መጽሐፋቸው የቅኔ ተማሪውን ኑሮ ከነክብሩና ከነችጋሩ ሥለዋል፤ የካህናቱንና የባላባቱንም ጥፋት አልሸሸጉም። ሃይማኖት ያስተማረው ብዕር ሃይማኖተኞቹን ራሳቸውን ሊመዝን መቻሉ የትምህርቱ ጕድለት አይደለም፤ ፍሬው ነው እንጂ።

ይህ ሕግ ለአንድ ቋንቋና ለአንድ ወገን ብቻ የተሰጠ አይደለም። በወሎ የእስልምና ሊቃውንት፣ ከነርሱም አንዱ ሼኽ ጠልሃ ጃዕፈር፣ በዐረብ ፊደል የአማርኛ መንዙማ እየደረሱ ሃይማኖታቸውን ለሕዝቡ ጆሮ አቀረቡ። ኦኔሲሞስ ነሲብም ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ በግእዝ ፊደል አሳተሙ። ያመኑበት ትምህርት ልዩ ልዩ ቢሆንም፣ ሰሚው በአፍ መፍቻው ካልተነገረው እንደማያስተውል ሁሉም ዐወቁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ግእዝ ይተው አንልም። ንባቡ ከተተወ ትርጓሜው የሚመዘንበት ሚዛን ይጠፋልና፤ አንድምታም ሁልጊዜ ግእዙን አስቀድሞ አማርኛውን የሚያስከትል ስለዚህ ነው። ነገር ግን ትናንት አማርኛ ለግእዝ እንዳደረገው፣ ዛሬም አማርኛ ለማይሰማ ሕዝብ ኦሮምኛው፣ ሲዳምኛው፣ ወላይትኛው እንዲሁ ሊያደርግ ይገባል። አማርኛ ተናጋሪውም የአንድምታው ቃል በርቆበት እንደ ሆነ ዳግመኛ ሊፈታለት ይገባል። ለመምህሩ ተተኪ ማውጣት፣ ለባለ ሀብቱ ለጉባኤ ቤት እንጀራና መጽሐፍ መስጠት፣ ለሁለቱም በልብ ያለውን በጽሕፈት ማኖር ተራቸው ነው። በውሃው በር አደባባይ የቆመው ሕዝብ ያለቀሰውና ኋላም ደስ ያለው የተነገረው ነገር ስለ ገባው ነበር። ያን ማስተዋል ለሕዝባችን ይስጥልን። አሜን።