የዘር ጠበቆች በሞንትሪያል

ስለ ብዝኃ ሕይወት የተደረጉ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች አብዛኛውን ጊዜ የዲፕሎማቶች ሥራ ተደርገው ይተረካሉ። የካርታኼናው የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ታሪክ ግን ከዚህ አተራረክ ጋር አይስማማም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 ኮሎምቢያ ውስጥ የተሰበሰቡት መንግሥታት በልውጠ ሕያዋን (በዘረመል ምህንድስና በተለወጡ ሕያዋን) ንግድ ላይ ሳይስማሙ ተበተኑ። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አርጀንቲና፣ ቺሌና ኡራጓይ ንግዱ እንዳይገደብ አጥብቀው ይዘው ነበር። የአብዛኞቹን ታዳጊ አገሮች ቡድን ወክለው የተከራከሩት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ናቸው። ፕሮቶኮሉ በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ ጸደቀ።

እኚህ ሰው የአገራቸውን ዕፅዋት የመመዝገቡን ሰፊ ሥራ የመሩ ሳይንቲስት ነበሩ። ከእሳቸው ሌላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን እርዳታ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውን የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1984/85) ድርቅ የተራበ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት ሲገደድ፣ ማዕከሉ የአገሬውን ዝርያዎች ከመጥፋታቸው በፊት ለመሰብሰብ ተሯሯጠ፤ ኋላም ከገበሬዎቹ ጋር በየማሳቸው ማባዛት ጀመረ። ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ እንደማይጠበቅ፣ ጠባቂው ገበሬው ራሱ እንደሆነ የታወቀው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቫይረስ በሽታ የታደገው የመቋቋም ባሕርይም ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ነው። ድርድሩ ላይ የቀረበው ክርክር ክብደት ያገኘው ከዚህ ዕውቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ክርክር ሳይንስ ሳይሆን የተሟጋቾች ፍርሃት ነበር የሚሉ አሉ። ፕሮቶኮሉ ግን የሥጋት ግምገማ በሳይንሳዊ መንገድ እንዲካሄድ ያዛል፤ የጥንቃቄ መርሁም የሚለው የማስረጃ አለመሟላት አንድን አገር ከመወሰን ሊያግደው እንደማይገባ ነው። ሰርድ ወርልድ ኔትወርክን የመሰሉ የሲቪል ማኅበራትም የባለሙያ እጥረት ላለባቸው የድሃ አገር ልዑካን የሕግና የሳይንስ ምክር ሰጥተዋል። ያለዚያ ሚዛኑ ወደ ባለጸጎቹ ብቻ ያጋድል ነበር።

ውጤቱ ጎዶሎ ነበር የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ እውነትም አለው። ለምግብና ለመኖ በሚላክ እህል ላይ የተጣለው ግዴታ ለዘር በሚላከው ላይ ከተጣለው እጅግ የላላ ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው ጥብቅ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅም በ2015 ተሻሽሎ ላልቷል። ይህ የሚያሳየኝ ግን ሳይንቲስቱና ማኅበራቱ ከፊርማ በኋላም መቆየት እንደነበረባቸው ነው። የጤፍ ጉዳይ ምስክር ይሁነኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጥቅም ለመጋራት ተፈራረመ፤ ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት አወጣ፣ በ2009ም ከሰረ፤ ለአገሪቱ የደረሳት ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ፓተንቱን ሆላንድ ውስጥ ያስሻረው የሄግ ፍርድ ቤት ውሳኔም የመጣው በኩባንያዎች መካከል በተነሣ ክስ ነው፤ በዚያ ችሎት ኢትዮጵያ ተከራካሪ አልነበረችም።