የዘር ሐረግና የወረቀት ምስክር፦ የአንድ የአሜሪካ ሴቶች ማኅበር ታሪክ

በጎንደር አገር ሳለን አንድ ልጅ ለጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። አንደኛው ወገን «እገሌ እገሌን ወለደ» እያለ ሲወርድ ሌላው ያዳምጣል፤ ዘር ከተገናኘ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ወረቀት አልነበረም፤ መዝገቡ የሽማግሌው አፍ ነበረ። ወደዚህ አገር ስንገባ ግን ጸሐፊው የአያታችንን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ጻፈልን። ስለዚህ ለየብቻ የተመዘገቡ አባትና ልጅ የቤተሰብ ስማቸው ሳይገጥም ቀረና፣ ልጅ የአባቱ ልጅ መሆኑን በወረቀት ማስረዳት የተቸገረበት ጊዜ ነበር።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ አገር የዘር ሐረግን በወረቀት ማስመስከር መሠረቱ ያደረገ የሴቶች ማኅበር አለ። ታሪኩን ስናነብ የራሳችን ጉዳይ ደጋግሞ ስለ ታየን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1889 ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ ለመውጣት የተዋጉት ሰዎች ወንዶች የልጅ ልጆች ማኅበር አቋቋሙ። በሚቀጥለው ዓመት ሴቶች እንዳይገቡ ወሰኑ። በዚህ ጊዜ ሜሪ ሎክውድ የተባሉ ሴት ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ፤ በጁላይ 13 ቀን 1890 ወጣ። የሐና አርኔትን ታሪክ የሚናገር ነበር። በ1776 በኒው ጀርሲ የሐና ባልና ጓደኞቹ ለእንግሊዝ ንጉሥ ይገዙ እንደሆነ በቤቱ ተሰብስበው ሲመክሩ፣ ሐና ገብታ ገሠጸቻቸው፤ ባሏ ቢገዛ ከእርሱ እንደምትለይ ነገረችው ይባላል። ሎክውድም እንዲህ ያሉት ሴቶች የት ተረሱ ብለው ጠየቁ። ለደብዳቤው መልስ የሰጠውና ሴቶቹን ለመርዳት የተነሣው የሐና የልጅ ልጅ ልጅ የሆነ ሰው ነበረ። ያ ሰው ሴቶችን የከለከለው ማኅበር አባል መሆኑ ያስገርማል።

በኦክቶበር 11 ቀን 1890 «የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች» የሚባለው ማኅበር በዋሽንግተን ተመሠረተ። የመጀመሪያይቱ ፕሬዚዳንት የአገሩ ፕሬዚዳንት ባለቤት ካሮላይን ሃሪሰን ነበሩ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በ1891 በቺካጎ ተቋቋመ፤ ከዚያ በየከተማው በዛ።

የቅርንጫፎቹ ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ሴቶቹ በየመቃብሩ እየዞሩ የፈረሱ ድንጋዮችን ያነባሉ፤ በየቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተጻፈውን የልደትና የሞት ቀን ይገለብጣሉ፤ አሮጌ ቤት እንዳይፈርስ ገንዘብ ያዋጣሉ። በ1896 የጀመሩት ቤተ መጻሕፍት ዛሬ የዘር ሐረግ ለሚፈልግ ሁሉ ታላቅ ረዳት ነው። ይህን ሥራ እናከብራለን፤ ሴቶቹ ባይደክሙ ኖሮ የብዙ ሰው ስም ከድንጋዩ ጋር ተሰባብሮ ይቀር ነበር።

ነገር ግን በሩ ለሁሉ አልተከፈተም። በ1939 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ታላቋን ጥቁር ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰንን በማኅበሩ አዳራሽ ሊያዘፍን ጠይቆ ተከለከለ። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ከማኅበሩ ወጡ። በኤፕሪል 9 ቀን አንደርሰን በሊንከን ሐውልት ደረጃ ላይ ቆመው ሲዘፍኑ ሰባ አምስት ሺህ ያህል ሕዝብ አዳመጠ።

ከዚህም የጠለቀው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት አባል ለመሆን ከራሷ እስከ ተዋጊው አያት ድረስ እያንዳንዱን ትውልድ በሰነድ ማስረዳት አለባት። የባሪያ ልጆች ይህን ከወዴት ያመጣሉ? በ1850ና በ1860 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ባሮች የተጻፉት በጌታቸው ስም ሥር፣ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ሆነው ነው፤ ስማቸው አልተጻፈም። አብዛኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። እነርሱ አያት አጥተው አልነበረም፤ ጸሐፊው ስላልጻፈላቸው ነው እንጂ።

እንደዚያም ሆኖ በሚሺጋን፣ ከዲትሮይት አጠገብ በምትገኘው ሮያል ኦክ ያለው የኤዝራ ፓርከር ቅርንጫፍ በ1977 ካረን ፋርመርን ተቀበለ። በማኅበሩ የታወቁት የመጀመሪያይቱ ጥቁር አባል እርሳቸው ናቸው። በጥናታቸው በፔንሲልቬንያ ሚሊሻ ካገለገለው ከዊልያም ሁድ ደርሰው ነበር። በኋላም በዲትሮይት የጥቁር ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ የሚያጠና ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። የአንድ አነስተኛ ከተማ ቅርንጫፍ ከዋና ከተማው ቅርንጫፍ ቀድሞ ይህን ማድረጉ መመዝገብ የሚገባው ነው።

በዋሽንግተን ግን ሊና ፈርጉሰን የተባሉ እናት የሜን አገር ሰው የነበረው የጆና ጌይ ዘር መሆናቸውን አስረድተው እንኳ በሜሪ ዋሽንግተን ቅርንጫፍ ለመግባት ዓመታት ፈጀባቸው። ወደ ቅርንጫፍ ለመግባት ሁለት አባላት ድጋፍ መስጠት ነበረባቸውና ወረቀቱ ቢሟላ እንኳ ደጋፊ ከጠፋ ነገሩ ይቆማል። በ1984 ወሬው በጋዜጣ ወጣ፤ ማኅበሩም በዘር ምክንያት ማንንም መከልከል እንዳይቻል ደንቡን አሻሻለ፤ ወይዘሮ ፈርጉሰንም ገቡ። እርሳቸው ግን ለራሳቸው መግባት ብቻ አልተስማሙም፤ ማኅበሩ በጦርነቱ ያገለገሉ ጥቁሮችን ስም ፈልጎ እንዲያወጣ ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ የወታደር ደሞዝ መዝገብና የከተማ ወረቀት ሲያገላብጡ ቆዩ። በ2008 «የተረሱ አርበኞች» በሚል ርእስ የወጣው መጽሐፋቸው ከ6,600 በላይ የጥቁሮችና የቀይ ሕንዶችን ስም ይዟል። በመዝገቡ የቤተሰብ ስም የሌላቸው፣ በመጠሪያ ስም ብቻ የተጻፉ ሰዎችም አሉበት።